አቤቱታ ከግንባታ በፊት ይሰማ

በላሊበላ 5 አብያተ ክርስቲያናትን የሚሸፍኑት 4 የብረት ጥላዎች በ2000 ዓ.ም. ሲተከሉ ለጊዜው ናቸው ተብሎ ነበር። በ2011 መግቢያ ግን የከተማዋ ሕዝብ ጥላዎቹ ለቅርሱ አስግተውት ሰልፍ ወጣ። ጭንቀቱ ብረቱ ከመቆሙ በፊት መሰማት ነበረበት።

ሕጉ ለዚህ በር አለው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናት ሪፖርቱ ለሕዝብ ተገልጦ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰውም አቤት ብሎ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ማግኘት አለበት። መሬቱን ለልማት የሚለቅ ባለይዞታም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። ይሁንና በወረዳ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ በላሊበላ ዙሪያ ባሉ የላስታ ደጋ ቀበሌዎች ለሚኖር ገበሬ እንዴት ይደርሳል? የአቤቱታው ቀን የሚቆጠረው እሱ ሳይሰማ ነው። ማስታወቂያው በቅዳሜ ገበያ ይነገር፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ይነበብ።

ቅርሱ ከዝናብ መጠበቅ እንዳለበት አንክድም፤ ጥገናውም ይፋጠን እንላለን። ነገር ግን ጥላዎቹን የማንሳትም ሆነ የመተካት ማንኛውም ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ንድፉ፣ ክብደቱና የመሠረቱ አቀማመጥ ለካህናቱና ለነዋሪው በአማርኛ ይቅረብ። ለተቃውሞውም የጽሑፍ መልስ ይሰጥ።