የኮምፒዩተር ትምህርትና የመዘጋጃው ዓመት

ወደ አንድ ጥበብ ለመግባት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የመግቢያውን ትምህርት ጠንቅቆ መያዝ እንደሚገባው በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሥርዓት ነው። ፊደል ያልቈጠረ ልጅ ዳዊት አይደግምም፤ ንባቡን ያላቀና ተማሪም ወደ ዜማ ወይም ወደ ቅኔ ቤት የሄደ እንደ ሆነ መምህሩ ንባቡን አቅንቶ እንዲመለስ ያሰናብተዋል እንጂ፥ ከሩቅ አገር ስለ መጣ ብቻ አዝኖለት ከጉባኤው መካከል አያስቀምጠውም። ይህም መሰናበት ለልጁ ውርደት ሆኖ አይቈጠርበትም፤ ጊዜው እስኪደርስ ድረስ የመቈየት ነገር ነውና።

በዛሬው ዘመን ኮምፒዩተር ሳይንስ፥ ሶፍትዌር ምሕንድስና፥ ኢንፎርሜሽን ሲስተምና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ እየተባሉ በሚጠሩት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎች ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይደለም። ወደነዚህ ክፍሎች የሚገባው ወጣት ብዙ ነው፤ ለመግባት የሚመኘውም ከሚገባው ይበልጣል። ነገር ግን ከመግባቱ በፊት ባለው ዓመት ምን ተምሮ፥ እጁንስ በምን አለማምዶ ይገባል የሚለውን ነገር በሚገባ የሚመረምር ጥቂት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛውንና 12ኛውን ክፍል ለከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ እንዲሆኑ አድርጎ ስለ ደለደለ፥ ቀድሞ በዩኒቨርሲቲ ይሰጥ የነበረው የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ኋላ ቀርቶ ነበር። አሳቡ በጎ ነበረ፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚፈጸመውን ሥራ ዩኒቨርሲቲው መልሶ እንዳይሠራው ታስቦ ነው። ሥራው ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልተፈጸመም። ተማሪው መሠረቱ ሳይጠና በቀጥታ ወደ ሙያው የሚገባ መሆኑ ስለ ታወቀ፥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ስፍራው ተመልሷል።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ከባዱ ነገር ተገለጠ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቍጥጥር በተሰጠ ጊዜ፥ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ከመቶ ኀምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ። ይህም ከመቶው ሦስት ተኩል እንኳ አይሞላም። በዚያ ወራት ብዙ ሰው ልጆቹን በስንፍና ነቀፈ። ነቀፋው ግን ግማሽ እውነት ነበረ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍል ወደ ክፍል ያሳለፋቸው ልጆቹ ራሳቸው አልነበሩምና። መንግሥትም ከወደቁት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለጥቂት ወራት እንግሊዝኛ፥ ሒሳብና ሳይንስ እንደ ገና ተምረውና ተፈትነው እንዲያልፉ፥ የአቅም ማሻሻያ የተባለውን ትምህርት አቋቋመ። ስለዚህ ወደ ኮምፒዩተር ትምህርት ለሚሄደው ለብዙው ወጣት መንገዱ ሁለት ደጅ ያለው ሆኗል፤ የመጀመሪያው የአቅም ማሻሻያው፥ ሁለተኛውም የጋራው ዓመት ነው።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ደጆች ምን ሊያስይዙት ይገባል? ኮምፒዩተር የሚሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነ ያልተረዳ ሰው ለዚህ መልስ ሊሰጥ አይችልም። መሣሪያው ከውጭ አገር ስለ መጣ ብልሃቱም እንግዳ ይመስላል፤ ባሕረ ሐሳብን ለተማሩ ሊቃውንት ግን ነገሩ ሩቅ አይደለም። የ2018 ዓ.ም. ትንሣኤ በምን እንደ ተገኘ ቢታሰብ፥ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተጨምሮ 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ ይህም በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲቀነስ 12 ወንበር ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 228፥ እርሱም በ30 ሲገደፍ 18 መጥቅዕ ይሆናል። መጥቅዕ ከ14 የበለጠ እንደ ሆነ በመስከረም፥ ያነሰ እንደ ሆነ በጥቅምት ይውላልና፥ መስከረም 18 ቀን ሆነ። ዕለቱ እሑድ ስለ ሆነ የእሑድ ተውሳክ 7 ተጨምሮ መባጃ ሐመር 25 ይመጣል፤ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ቀን ይገባል። በዚህ ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር 34፥ በ30 ሲገደፍም 4 ስለሚሆን፥ በዓሉ ሚያዝያ 4 ቀን ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ስሌት ውስጥ የሚታየው ነገር ሁሉ በኮምፒዩተርም ውስጥ አለ። ቍጥር ይሰጣል፤ ትእዛዝ በተራ ይፈጸማል፤ «ከ14 የበለጠ እንደ ሆነ እንዲህ፥ ያነሰ እንደ ሆነ እንዲያ» እየተባለ መንገዱ ይለያያል፤ በመጨረሻም መልስ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የሕጉ ሠሪ ጥንቃቄ ነው። በ2006 ዓ.ም. እንደ ሆነው ሁሉ፥ በ19 ሲገደፍ 1 ብቻ ተርፎ ወንበሩ አልቦ በሚሆንበት ዓመት ማባዛቱ ምንም እንደማያስገኝ አስቀድሞ አይቶ፥ በዚያ ጊዜ መጥቅዑ 30 ይሁን ብሎ ደንግጓል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሙያው ይህ ነው፤ ሥራው በደህና የሚሄድበትን ቀን ብቻ ሳይሆን፥ አልቦ የሚመጣበትን ዓመት አስቀድሞ ማየት። መሣሪያው ራሱ አያስብም፤ የታዘዘውን ብቻ፥ ስሕተቱንም ጭምር፥ በታላቅ ፍጥነት ይፈጽማል።

የበዓላቱን ቀን ከግድግዳ መቍጠሪያ አንብቦ በቃሉ የያዘና ሕጉን ዐውቆ የማንኛውንም ዓመት በዓል አውጥቶ የሚናገር ሰው ለአንድ ዓመት ያህል እኩል ሊቃውንት መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ዓመቱ ሲለወጥ ግን ልዩነታቸው ይታወቃል። ከአራት መልሶች አንዱን በማክበብ ብቻ ተፈትኖ ያደገ ተማሪ በመጀመሪያው የኮምፒዩተር ትምህርት ላይ የሚደነግጠው ስለዚህ ነው፤ ባዶ ገጽ ይሰጠዋል፥ የሚከበብ መልስም የለበትም።

ከዚህ የተነሣ ለኮምፒዩተር የሚዘጋጅ ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሒሳብ ነው፤ ሒሳብም ሲባል የቍጥር ብዛት ሳይሆን የአሳብ ሥርዓት ነው። በጋራው ዓመት ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጠው ሒሳብ ከአመክንዮና ከስብስብ መጀመሩ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ምዕራፍ የፈተና ማለፊያ አድርጎ ያየዋል እንጂ የሚመኘው ሙያ ሥር መሆኑን የሚነግረው የለም። ጆርጅ ቡል የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1854 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፥ «እና»፥ «ወይም»፥ «አይደለም» የሚሉት የንግግር ማያያዣዎች እንደ ቍጥር ሊሰሉ እንደሚችሉ አስረዳ። በ1937 ደግሞ ክሎድ ሻነን የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ፥ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ በዚሁ በቡል ሕግ ሊመራ እንደሚችል ለማስተርስ ዲግሪ በጻፈው ጽሑፍ አሳየ። የዛሬው ኮምፒዩተር በሙሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። አንድ መምህር ይህን ታሪክ በሩብ ሰዓት ቢናገር፥ ተማሪው የእውነትና የሐሰት ሠንጠረዡን በሌላ ዓይን ያየዋል።

በጋራው ዓመት ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚሰጥ ትምህርትም አለ። በውስጡ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፥ ስለ መረጃ ሳይንስና እርስ በርሳቸው ስለሚገናኙ ዕቃዎች ይነገራል። ለጠቅላላ ዕውቀት አይጠላም። ነገር ግን ሦስት ቍጥሮችን አወዳድሮ ትልቁን የሚለይ ትእዛዝ በእጁ ያልጻፈ ተማሪ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትርጓሜ በቃሉ ቢደግም፥ ንባብ ሳያቀና ስለ ቅኔ መንገድ የሚያወራ ልጅ ይመስላል። ፕሮግራም የመጻፍ ትምህርት የሚሰጥባቸው ዘርፎችም ቢሆኑ፥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ከሚገለበጥ ይልቅ ተማሪው ራሱ ጽፎ፥ ተሳስቶ፥ ስሕተቱን ፈልጎ እንዲያርም ካልተደረገ ፍሬው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ የመሣሪያው ነገር ይነሣል። ከገጠር የሚመጣው ተማሪ ብዙ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ እስኪደርስ ድረስ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ አያውቅም፤ በእጁ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ስልክ ደግሞ ለመመልከት እንጂ ለመሥራት የተመቸ አይደለም፤ በስልክ ብልኅ የሆነ ልጅ ሁሉ ለዚህ ሙያ የተፈጠረ የሚመስላቸው ወላጆች ይህን ቢያስተውሉት መልካም ነው። ከከተማ የመጣው ጓደኛው ፊደላቱን ሳያይ ሲጽፍ፥ እርሱ አንዱን ፊደል ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቅበታል፤ ከዚያም አእምሮው ደካማ እንደ ሆነ አድርጎ ራሱን ይቈጥራል። የጐደለው ግን ጥቂት ሳምንት የጣት ልማድ ብቻ ነው። በአቅም ማሻሻያው ወራት፥ ትምህርቱ ሳይሰናከል፥ በማታ አንድ አንድ ሰዓት እጁን ቢያለማምድ ይህ እንቅፋት ይወገድለት ነበር።

ኮምፒዩተሩ ባይበቃም ሥራው አይቆምም። ትእዛዙን በወረቀት ላይ ጽፎ፥ በእያንዳንዱ መስመር ቍጥሩ ምን እንደሚሆን በሠንጠረዥ እየመዘገቡ መከተል ራሱን የቻለ ትልቅ ትምህርት ነው። ይህን በወረቀት የለመደ ተማሪ መሣሪያውን ባገኘ ጊዜ ይፈጥናል፤ በመሣሪያው ብቻ የለመደ ግን ስሕተቱ የት እንዳለ ሳያውቅ ሲነካካ ይውላል።

የቋንቋውም ችግር ቀላል አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ የፕሮግራም ትእዛዞችም ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ናቸው። ትእዛዞቹ ግን ጥቂቶች ስለ ሆኑ በአንድ ወር ይጠናሉ፤ ተማሪውን የሚያስጨንቀው ጥያቄው የተጻፈበት አንቀጽ ነው። ጥያቄውን ያልተረዳ ሰው መልሱን ሊሰላ አይችልም። ስለዚህ በመዘጋጃው ጊዜ የሚሰጠው እንግሊዝኛ ከሰዋስው ደንብ ጥቂት ቀንሶ፥ የሒሳብና የሥራ ጥያቄዎችን አንብቦ የተሰጠው ምንድር ነው፥ የተፈለገውስ ምንድር ነው ብሎ መለየትን ቢያስተምር የሚሻል ይመስላል። መምህሩም ከባዱን ነጥብ ተማሪው በሚሰማው ቋንቋ አንድ ጊዜ ቢያስረዳው የሚጐዳ ነገር የለም።

በእንግሊዝ አገርም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለኮምፒዩተር ዲግሪ ከሦስቱ ዓመታት በፊት አንድ የመሠረት ዓመት ያስተምራሉ። ወደዚያ የሚገቡት በሁለተኛ ደረጃ የሚፈለገውን ትምህርት ያልተማሩ፥ ወይም ነጥባቸው ያልሞላ፥ ወይም ከሥራ ወደ ትምህርት የተመለሱ ጐልማሶች ናቸው። ተማሪው ለዚያ ዓመት ክፍያ ስላለበት፥ ብዙ ጊዜም በብድር ስለሚከፍለው፥ ዓመቱ ምን እንዳተረፈለት አጥብቆ ይጠይቃል። በኢትዮጵያም ዓመቱ ዋጋ አለው፤ የሚከፍለው ግምጃ ቤቱና የተማሪው ዕድሜ ስለ ሆኑ ጠያቂ አይታይበትም እንጂ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ወጣቱን ከሙያው ጋር ስለሚያስተዋውቅ የሚደገፍ ነው። ሆኖም በጥቂት ሳምንት ሥልጠና የሚገኝ የምስክር ወረቀት የሒሳብንና የአመክንዮን ቦታ እንደማይተካ ለተማሪዎች በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

ጥፋቱ የሚታየው በመጨረሻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ወስዶ ከመቶ ኀምሳ ማግኘት አለበት። በኮምፒዩተር ክፍል ተቀምጦ በዚህ ፈተና የሚወድቅ ተማሪ የወደቀው ብዙ ጊዜ በዚያን ቀን አይደለም፤ በነጥብ ተራ ተቈጥሮ ወደ ክፍሉ የተመደበ ዕለት፥ ወይም ከዚያ በፊት በመጀመሪያው ዓመት የሒሳቡን ትምህርት በጭንቅ ያለፈ ዕለት ነው። ቤተ ሰቡ ግን የሚያውቀው ልጃቸው ያለ ዲግሪ ወደ ቤት መመለሱን ብቻ ነው።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች ከወዲሁ ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ሒሳብና የፕሮግራም ትምህርት ገና የተቀጠረ ረዳት ብቻ እንዲሸከመው ማድረግ አይበጅም፤ መሠረት የሚጥለው ዋናው አናጢ መሆን አለበትና፥ ነባሩ መምህር በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንኳ ወደ አዲሶቹ ተማሪዎች ይውረድ። ወደ ኮምፒዩተር ክፍል የሚመደበው ተማሪ በጠቅላላ ነጥቡ ብቻ ሳይሆን በሒሳብ ባገኘው ውጤትና በፍላጎቱ ይታይ። ኮምፒዩተሮቹ የተቀመጡባቸው ክፍሎችም በሥራ ሰዓት ተከፍተው ተማሪው ነጻ በሚሆንበት በማታና በቅዳሜ የሚዘጉ ከሆነ፥ የአዲሶቹ ተማሪዎች መጥሪያ ሳይወጣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚያድር፥ ለጠባቂውም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ ይወሰን።