ስሙ ኮሌራ ነው

የተወለድኩት ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ከመርሳ ከተማ ራቅ ብሎ ካለ የገጠር መንደር ነው። እንጀራዬ ማይክሮባዮሎጂ ነው፤ በዓይን የማይታየውን ተህዋስ አይቼ ስሙን እናገራለሁ፣ ለዚህም ደሞዝ ይከፈለኛል። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ለማውገዝ ነው። በሽታ በስሙ እንዳይጠራ፣ ረሃብ ረሃብ እንዳይባል፣ የሞተ ሰው በምን እንደሞተ እንዳይጻፍ የሚያዘውን፣ ከመንግሥት ወደ መንግሥት እንደ ርስት ሲተላለፍ የኖረውን ልማድ አወግዛለሁ። የራሴም እጅ አለበትና ራሴን ከውግዘቱ አላወጣም።

አያቴ የ1965ቱን ረሃብ ስታወራ ከማሽላው ትጀምር ነበር። ማሽላው ክንድ ሳያህል በቁሙ ደረቀ ትላለች። በሬው በማይረባ ዋጋ ተሸጠ፤ ሞፈርና ቀንበሩ ማገዶ ሆነ። ከዚያ ሰዉ ከየሸንተረሩ ወደ አስፋልቱ ወረደ። ከደሴ ተነስቶ በመርሳ አድርጎ ወደ ወልድያና ቆቦ የሚያልፈው መንገድ ግራና ቀኙ በሰው ተሞላ። አውቶቡስ ሲመጣ ልጅ እንዳቀፉ መሀል አስፋልት ላይ የሚቆሙ እናቶች ነበሩ። አያቴም ቆማለች። «ለመለመን ብቻ መሰላችሁ?» ትለን ነበር። «ያየን ሰው ሄዶ ይናገርልናል ብለን ነው እንጂ።»

ያየ ሰው ተናገረ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፣ ግቢያቸውም ውስጥ አሳዩ። ቤተ መንግሥቱ ግን መስማት አልፈለገም። ወደ አዲስ አበባ በእግሩ የተመመውን ረሃብተኛ ፖሊስ መንገድ ላይ እያስቆመ መለሰው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ለዓለም እስኪታይ ድረስ በመንግሥት አፍ ወሎ አልተራበም ነበር። ደርግ ያንኑ ፊልም በ1967 የእንቁጣጣሽ ምሽት በቴሌቪዥን አሳይቶ በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። ረሃብን በመደበቅ ንጉሥ የከሰሰው ደርግ አሥር ዓመት ቆይቶ፣ መስከረም 2 ቀን 1977፣ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ሲያከብር፣ በዚያው መንገድ ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ያንን ዘመን እኛ አገር ዛሬም «ሰባ ሰባት» ብለን እንጠራዋለን፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1965ና በ1966 ያለቀው ሕዝብ ስንት ነው? 40 ሺህ የሚል ግምት አለ። 200 ሺህ የሚልም አለ። በሁለቱ መካከል 160 ሺህ ሰው አለ። የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ያህል ሰው ይሙት፣ በሕይወት ይቆይ እንኳ ሳይታወቅ ቀረ። ቆጣሪ ጠፍቶ አልነበረም። ግብር ሲሆን እያንዳንዱ ጢስ የወጣበት ጎጆ ይታወቅ ነበር። ሬሳ መቁጠር ግን ማመን ሆነባቸው።

ረሃብ ገደለው በምንልበት ጊዜ በአብዛኛው ገዳዩ ረሃቡ ብቻውን አይደለም። ባዶ ሆድ የሰውነትን መከላከያ ያፈርሳል፤ በፈረሰው አጥር ኩፍኝ ይገባል፣ ታይፈስ ይገባል፣ ተቅማጥ ይገባል። ረሃብን የደበቀ መንግሥት ስለዚህ ወረርሽኝንም ደብቋል። ልማዱም ከረሃብ ወደ ወረርሽኝ ለመሻገር ብዙ አልቸገረውም።

በ1998 ዓ.ም. ጋምቤላ ላይ የተነሳ በሽታ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛመተ። በሪፖርቱ ላይ የተሰጠው ስም «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ነበር፤ በአጭሩ አተት። በ2008 አዲስ አበባ ድረስ ሲገባም አተት ተባለ፤ በ2009 ሶማሌ ክልል ውስጥ በአስር ሺዎች ሲያጠቃም ያው አተት። አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፦ ተቅማጥና ትውከት ምልክት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ወባን «ትኩሳትና ብርድ» ብሎ መዝግቦ ዝም እንደ ማለት ነው። ሞያሌ በአንድ ድንበር ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። በዚያው ሰሞን በኬንያ በኩል የታመመው ሰው ኮሌራ ያዘው ተባለ፤ በእኛ በኩል የታመመው ዘመዱ አተት። ተህዋሱ ግን ኬላ አያውቅም። የሕክምና ድንኳኖቹን «ሲቲሲ» እንላቸው ነበር፤ በሌላው ዓለም የምህፃሩ የመጀመሪያ ፊደል ኮሌራ ማለት ነው፣ እኛ ጋ «ኬዝ» ተብሎ ተተረጎመ። ድንኳኑ ውስጥ መሀሉ የተቀደደ አልጋ፣ ከሥሩ ባልዲ። ለኮሌራ የተሠራ አልጋ ነው። አልጋው ሳይቀር ያውቅ ነበር።

ይህን ነገር ከሩቅ አላየሁትም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከወሎ ውጭ በሆነ አንድ ላብራቶሪ ተረኛ ነበርኩ። ከድንኳን የመጣው ናሙና ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ቲሲቢኤስ በሚባለው አረንጓዴ ማብቀያ ላይ ዘርቼ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳደርኩት። በማግስቱ ሳህኑን ስከፍት አረንጓዴው ላይ ክብ ክብ፣ ለስላሳ፣ የጠጅ መልክ ያላቸው ቢጫ ነጥቦች ሰፍረዋል። አንቲሴረም ጠብ ሳደርግበት ወዲያው እንደ ተበላሸ ወተት ቋጠረ። ቪብሪዮ ኮሌሬ ኦ1። ጥርጥር አልነበረውም። ሳህኑን ይዤ ኃላፊዬ ዘንድ ሄድኩ። አየው፤ ብርሃን ላይ አውጥቶ ደግሞ አየው። እሱም ባለሙያ ነውና ያየውን አውቆታል። «ጎበዝ» አለኝ። ቀጥሎ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «አተት ብለሽ ጻፊው» አለኝ። ጻፍኩ። እጄን ጠምዝዞ ያጻፈኝ የለም። የደሞዜና የልጆቼ ነገር በልቤ አለፈ፣ ጻፍኩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ሰዉ። ተረቱ የሚመክረው በሽተኛውን ነው። እዚህ አገር ግን በሽታውን የደበቀው በሽተኛው አልነበረም፤ እሱማ አፉን ከፍቶ ይጮህ ነበር። የደበቁት ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ጤነኞች ናቸው፤ መድኃኒት ያጣው ግን እሱ ነው።

ስም ምን ያደርጋል የሚል ሰው አላጣም። ኮሌራ ጊዜ አይሰጥም። መርዙ የአንጀትን ግድግዳ ይከፍትና ጨውና ውሃ ከደም ወደ አንጀት ይጎርፋል፤ ሲከፋ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር። ጠዋት ሽንኩርት ሲኮተኩት የነበረ ጎልማሳ ማታ ይገነዛል። ሕክምና ካላገኘ በጽኑ ከታመሙት እስከ ግማሽ የሚደርሱት ይሞታሉ፤ በጊዜው በአፉ ኦአርኤስ፣ በደም ሥሩ ፈሳሽ ከገባለት ግን ከመቶው አንድ አይሞትም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ወሬው የደረሰበት ፍጥነት ነው። እናት የልጇን ተቅማጥ የተለመደው የክረምት ተቅማጥ ነው ብላ እስከ ነገ ከጠበቀች ነገ ልጅ የላትም። ከ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ዓለም ያዘጋጀው የኮሌራ ክትባት ክምችት አለ። ለአስቸኳይ ወረርሽኝ ከዚያ ለመውሰድ አገሩ ኮሌራ ገብቶብኛል ብሎ መጠየቅ አለበት። ለአተት የሚሰጥ ክትባት የለም።

የደባቂዎቹን ምክንያት አውቀዋለሁ። ወደ ውጭ የሚላከው እህልና ሥጋ ገበያ ያጣል፣ ቱሪስት ይሸሻል፣ የአገር ገጽታ ይበላሻል። ፍርሃቱ ከምንም የመጣ አይደለም፤ ፔሩ በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኮሌራ ሲገባባት በስሙ ጠርታ ለዓለም ተናገረች፣ የዓሣ ንግዷም ክፉኛ ተመታ። ግን የቀረውን ታሪክ እንይ። በዚያ ዓመት ፔሩ ውስጥ ከ320 ሺህ በላይ ሰው ታመመ፤ የሞተው 2,900 ያህል ነው፣ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ፔሩ ገንዘብ ከሰረች፣ ሰዎቿን አተረፈች። እኛ ገንዘቡን ለማትረፍ ማንን እንዳስከፈልን መዝገባችን አይናገርም፤ እንዳይናገር አድርገን ጽፈነዋልና።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የአንድ ሰው ስም ነው። ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም በ2009 ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት ሲወዳደሩ በጤና ሚኒስትርነታቸው ዘመን ኮሌራ ተደብቋል የሚል ክስ ቀርቦባቸው ነበር፤ እሳቸውም ክሱን የስም ማጥፋት ዘመቻ ብለው፣ ወረርሽኞቹ ላብራቶሪ በማይደርስባቸው ሩቅ ቦታዎች የተነሱ ናቸው ሲሉ መልሰዋል። መልሱ አላሳመነኝም። ዕዳውን ሁሉ በእሳቸው ጀርባ ጭኖ መሄድን ደግሞ አልቀበልም። የ2008ና የ2009 ወረርሽኝ አተት የተባለው እሳቸው ጤና ሚኒስቴርን ከለቀቁ ከዓመታት በኋላ ነው። ረሃቡን የደበቁት ንጉሥና ደርግ ሌሎች ነበሩ። ነገሩን የአንድ ሰው ወይም የአንድ ብሔር ጥፋት ማድረግ ሌላውን ሁሉ ነፃ ማውጣት ነው። እያወቁ በየሪፖርታቸው አተት ብለው የጻፉትን የዓለም አቀፍ እርዳታ ድርጅቶችም አወግዛለሁ፤ ቪዛቸውንና ቢሯቸውን ለማቆየት የእኛን ሟች ስም ሸጠዋል። ከእነሱ ቀጥሎ የቆምነውን፣ ሳህኑን ከፍተን ቢጫውን ያየነውን፣ ዲግሪ ያለንን ሰዎች አወግዛለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ኮሌራ በዋግ ኽምራና በሰሜን ጎንደር ሲነሳ ጤና ሚኒስቴር በስሙ ጠራው። ሰማይ አልተደፋም። ክትባትም መጣ። በነሐሴ 2014 ባሌ ውስጥ ሐረና ቡሉቅ ላይ የተነሳው ረጅሙ ወረርሽኝም ኮሌራ ተብሎ ነው የተመዘገበው፤ ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የነበሩትን ምእመናን በ2015 ሲያጠቃም እንዲሁ። ይህን ልማድ ለለወጡት ባለሙያዎች ምስጋናዬ ከልብ ነው። ይቻል ነበር ማለት ነው። ታዲያ ከዚያ በፊት ለነበሩት ሟቾች ይቅርታ የጠየቀ፣ የድሮውን መዝገብ ላርም ያለ አንድ ሹም ለምን አልተገኘም?

ስም የሚነፈግበት ሌላም መንገድ አለ፤ የሚጠራበትን መሣሪያ መዝረፍ። የሕወሓት ኃይሎች ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያን በያዙበት ጊዜ የወልድያ ሆስፒታል ተዘረፈ። ሀብሩ ውስጥ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም አልተረፈም፤ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ሲያወጣ የኖረ ማዕከል ነው፣ አያቴ ያየችውን የደረቀ ማሽላ ዳግም እንዳናይ የሚሠራበት ቤት። ማይክሮስኮፕ የሰረቀ ሰው የሰረቀው ዕቃ ብቻ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል፤ የስንቱን ታካሚ በሽታ ስም ወስዷል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ መንግሥትና የፋኖ ታጣቂዎች በሚዋጉበት በአማራ ክልል፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2016 ባወጣው ሪፖርት የመንግሥት ወታደሮች በሐኪሞች፣ በአምቡላንሶችና በጤና ተቋማት ላይ ያደረሱትን ጥቃት ዘርዝሯል። ማንም ያድርገው ማን፣ የታመመ ሰው ያለበትን ግቢ በጠመንጃ የረገጠን ሁሉ አወግዛለሁ።

ሀብሩ ውስጥ ጃራ የሚባል የተፈናቃዮች ጣቢያ አለ። መጠለያው ጠባብ ነው፣ ሰዉ ብዙ፣ ውሃና ሽንት ቤቱ ከሰዉ ጋር አይመጣጠንም። ቪብሪዮ ኮሌሬ ምን ይፈልጋል ብሎ ተማሪ ቢጠይቀኝ ይህንኑ ነው የምዘረዝርለት። አንድ ቀን ከእንዲህ ያለ ቦታ የመጣ ናሙና በአንዲት ወጣት ባለሙያ እጅ ይገባል፤ እሷም በማግስቱ ሳህኑን ከፍታ ቢጫውን ታያለች። ያን ቀን መዝገቡን ወደ እሷ የሚገፋ እጅ እንዳይኖር ሕግ ይውጣ፤ የላብራቶሪ ውጤትን ለመለወጥ ያዘዘ ሹም በወንጀል ይጠየቅ፤ ውጤቱም በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እጅ በገባ ቀን ለሕዝብ ይነገር። የድሮው መዝገብ ተከፍቶ ይታረም።

የእኔን በዚህ እጀምራለሁ። በዚያ ላብራቶሪ መዝገብ ላይ፣ በእኔ እጅ ጽሕፈት፣ አተት የተባሉ ሰዎች አሉ። ስማቸውን አላስታውስም፤ ናሙናቸው በቁጥር ነበር የሚመጣው። የያዛቸው ኮሌራ ነበር።