ለብቻ የተቀመጠችው ስኒ



ይህን በምጽፍበት ሰዓት እዚህ ጉንችሬ የመስቀል ዝግጅት ተጀምሯል። ቅቤው እየተነጠረ ነው፤ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የሚመጡ ልጆች፣ ባሎችና ወንድሞች በየቤቱ ይጠበቃሉ። በዚህ የደስታ ሰሞን ስለ ኤች አይ ቪ ማንሣቴ ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ለወራት ተለያይተው የከረሙ ባልና ሚስት የሚገናኙት፣ የብዙ ወጣቶችም ጋብቻ የሚታሰበው በዚሁ ሰሞን ነው። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ብንነጋገር ይሻላል።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልናዘዝ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄ፣ ባለቤቴን ተከትዬ ለአገልግሎት ስመጣ፣ ባሏ "በረጅም ሕመም" የሞተባት አንዲት እኅት በአጥቢያችን ነበረች። የሕመሙን ስም ማንም አይጠራም። እርሷም እየከሳች ስትሄድ ሹክሹክታው በዛ። ለጸሎት ቤቴ ስትመጣ ቡና አፈላላታለሁ፤ ስትሄድ ግን የጠጣችበትን ስኒ በፈላ ውኃ አጥቤ ከሌሎቹ ለይቼ አስቀምጣለሁ። ስትመለስም በዚያችው ስኒ እቀዳላታለሁ። ቫይረሱ በስኒ እንደማይተላለፍ አላውቅም ነበር እንዳልል በራሪ ወረቀቱን አንብቤአለሁ። አንድ ቀን ስኒዋን ተቀበለችና "ይቺ የእኔዋ ናት፣ አይደል?" አለችኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

በአገራችን ቫይረሱ የተገኘበት የመጀመሪያው ደም የ1976 ዓ.ም. ናሙና ነው። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን ታወቁ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የነበረው ትምህርት በአብዛኛው የሚያስፈራራ ነበር። ሰው ፈራ፤ የፈራ ሰው ደግሞ ደበቀ። እኛም በመድረካችን በሽታውን የዝሙት ዋጋ ብቻ አድርገን ስለ ሰበክን፣ በትዳሯ ታምና ኖራ የተያዘችው ሚስት የምትገባበት አጣች።

ይህን ዝምታ ፊት ለፊት የሰበሩት ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖቻችን ናቸው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ መቅድም ኢትዮጵያና የተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ የተባሉት ማኅበራት ተቋቋሙ። አባሎቻቸው ሥራቸውን፣ የኪራይ ቤታቸውንና ዘመዶቻቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ እያወቁ በአደባባይ ቆመው "እኔ ቫይረሱ በደሜ አለ" አሉ። መንግሥትም በ1990 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ/ኤድስ ፖሊሲ አወጣ። በየትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበባት ተቋቋሙ፤ መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም የሚሉት የ"መ" ሕጎች በሕፃን አፍ ሳይቀር ተለመዱ። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በአላባ ደግሞ የማኅበረሰብ ውይይት ተጀመረ። ሽማግሌው፣ ወጣቱና የቤት እመቤቷ በየጊዜው አብረው ተቀምጠው የሚያሰጋቸውን ልማድ ራሳቸው አነሡ፤ መፍትሔውንም ራሳቸው ተመካከሩበት። ከጋብቻ በፊት መመርመርም በዚሁ መንገድ የብዙ መንደሮች ስምምነት ሆነ።

ያቺ እኅታችንም በሬዲዮ የሰዎቹን ምስክርነት ስትሰማ ከርማ፣ አንድ ሐሙስ በእኅቶች ጸሎት መካከል ተነሥታ ቆመች። ምርመራ ማድረጓንና ውጤቱን ነገረችን። "ጸልዩልኝ፤ ደግሞም አብራችሁኝ ብሉ" አለች። ያን ቀን ያለቀስነው ለእርሷ ብቻ አልነበረም። ጌታችን ለምጻሙን ከመፈወሱ በፊት እጁን ዘርግቶ እንደ ዳሰሰው (ማር. 1፥40-41) በኮሌጅ ተምሬአለሁ፤ የተማርኩትን ግን በስኒዬ ክጄው ነበር።

በጥር 1997 ዓ.ም. ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። ከዚያ በፊት ከፍሎ መግዛት የሚችለው ጥቂት ሰው ነበር። እኅታችንም ጀመረች፤ በወራት ውስጥ ሰውነቷ ተመለሰ።

ሌላ የማውቀው ወጣት ግን እንዲህ አልሆነለትም። በአንድ ጉባኤ ላይ "ተፈውሰሃል" ተባለና መድኃኒቱን ጣለ። መጀመሪያ ላይ ደኅና ነበር፤ ምስክርነትም ሰጠ። ዓመት ሳይሞላው ቀበርነው። ወገኖቼ፣ መድኃኒቱ ቫይረሱን አዳክሞ ይይዘዋል እንጂ ከሰውነት ጨርሶ አያወጣውም። ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ እንደገና ይበዛል፤ መድኃኒቱንም ሊለማመደው ይችላል። በ1999 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ፣ ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። እኛም በየመድረካችን እንዲሁ በግልጽ ልንናገር ይገባናል። እግዚአብሔር ይፈውሳል ብዬ አምናለሁ፤ የተፈወሰ ሰው ግን ምርመራን አይፈራም።

ዛሬ በአገራችን ከአዋቂዎች መካከል ቫይረሱ በደማቸው የሚገኘው ከመቶ አንድ የማይሞሉ ናቸው። ይህ ትልቅ ምሕረት ነው። ሆኖም በቁጥር ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ወገኖች ናቸው። ክበባቱ ቀዝቅዘዋል፤ ያን ዘመን ያላዩ ልጆቻችን በሽታው የጠፋ ይመስላቸዋል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆም፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ብዙ የጤና ሠራተኞች ከሥራቸው ወጥተዋል። ስለዚህ ኃላፊነቱ ወደየቤታችን እየመጣ ነው። በዚህ መስቀል እነዚህን እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ።

1. ለመጋባት የምታስቡ ሁለታችሁም ተመርመሩ፤ ከሦስት ወር በኋላም ድገሙት። ቤተ ክርስቲያን ምርመራውን ትምከር እንጂ ውጤቱን አታውጅ፤ ምስጢሩ የተጋቢዎቹ ነው።

2. ተለያይታችሁ የከረማችሁ ባልና ሚስት ምርመራውን የጥርጣሬ ሳይሆን የመተሳሰብ ጉዳይ አድርጉት። አብራችሁ ሂዱ።

3. ከሁለት አንዳችሁ ቫይረሱ ካለባችሁ ተስፋ አትቁረጡ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። እስከዚያ ድረስ በትዳር ውስጥ ኮንዶም መጠቀም የኃጢአት ጉዳይ ሳይሆን ሕይወትን የመጠበቅ ጉዳይ ነው።

4. ነፍሰ ጡር እኅቶች በመጀመሪያው ክትትላችሁ ተመርመሩ። እናት በጊዜ መድኃኒት ከጀመረች ልጇ ከቫይረሱ ነፃ ሆኖ ሊወለድና ሊያድግ ይችላል።

5. መድኃኒት የሚወስድ እንግዳ ቤታችሁ ቢመጣ፣ ኪኒኑን ተደብቆ እንዳይውጥ ውኃውን ራሳችሁ አቅርቡለት።

እኅታችን ዛሬም በሕይወት አለች፤ የልጅ ልጅ አይታለች። ያቺን ስኒ ያኔውኑ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅያት ነበር። አሁን የትኛዋ እንደሆነች እኔም አላውቅም፤ አንዳንዴ ራሴ ሳልጠጣባት አልቀርም። ለመስቀል ክትፎውን አብረን እንበላለን።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። መልካም በዓል!