የብስኩት ቆርቆሮው ፎቶዎች

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ «ጊዜሽን በምን ታሳልፊያለሽ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ዋርድ ውስጥ ስሯሯጥ ለኖርኩ ሰው እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ከባድ ነው። ሹራብ ሞከርኩ፤ ጣቶቼ እሺ አላሉኝም። አሁን ግን ሥራ አግኝቻለሁ። የቤተሰባችንን የድሮ ፎቶ በስልክ አነሳለሁ፣ በኮምፒውተር ገጽ ገጽ አድርጌ እደረድራለሁ፣ ከሥሩ ታሪኩን እጽፋለሁ። ዲጂታል ስክራፕቡክ ይሉታል፤ እኛ ቤት ስሙ «የኮምፒውተሩ አልበም» ነው።

ነገሩ የተጀመረው እናታችን ፎቶ ታስቀምጥበት ከነበረ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። እሷ ካረፈች በኋላ ቆርቆሮው እኔ ዘንድ መጣ። አንድ ቀን ስከፍተው አባታችን ደሴ ፎቶ ቤት ውስጥ ከአንድ መለዮ ለባሽ ወጣት ጋር ቆሞ የተነሳው ፎቶ ወጣ። ጀርባው ላይ ያለው የፎቶ ቤቱ ማኅተም ብቻ ነው። ወንድሞቼን ጠየቅሁ፣ አሜሪካ ያለችውን እህቴን ጠየቅሁ። ሁሉም «እማማ ታውቀው ነበር» አሉኝ።

ነርስነት ስንማር ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል ተብለን ነው ያደግነው። መድኃኒቱን ሰጥተሽ ቻርቱ ላይ ካልፈረምሽ አልሰጠሽም። ፎቶም ለካ እንደዚያው ነው። ስለዚህ የሚያውቀው ሰው በሕይወት እያለ ልጽፍ ተነሳሁ።

ወጪው ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ያለ ስልክና የልጅ ልጄ አሮጌ ላፕቶፕ በቂ ሆነውልኛል። ጠዋት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጥፋለሁ፣ የስልኩን ካሜራ አብሳለሁ፣ ፍላሹን አጥፍቼ ከላይ ቀጥ አድርጌ አነሳለሁ። የሚያብረቀርቅ ፎቶ ሲያስቸግረኝ ፎቶስካን የሚባለውን የጉግል ነጻ አፕ እጠቀማለሁ፤ አንዱን ፎቶ ከአራት ማዕዘን ያነሳና ነጸብራቁን ያጠፋዋል። በዚያ በሚያጣብቀው ባለ ፕላስቲክ አልበም ውስጥ ያለ ፎቶ ካላችሁ ግን አደራ፣ በጉልበት አትላጡት። እዚያው እንዳለ አንሱት። እኔ የወንድሜን የሠርግ ፎቶ ለሁለት ቀድጄ ነው የተማርኩት።

ገጹን የምሠራው በፓወር ፖይንት ነው። አንዱ ስላይድ አንድ ገጽ ይሆናል። ጌጣጌጥ አላበዛም፤ አንድ ወይም ሁለት ፎቶ፣ ከዚያ ጽሑፍ። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን ነገረኝ። ዓመቱ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የልጅ ልጄ 1971 ብሎ ጽፎልኝ በፈረንጅ ይሁን በእኛ ሳይለይ ቀረና እህቴ ከመወለዷ በፊት ክርስትና ተነሳች! አሁን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጻፍበት የሚያልፍ ቁጥር የለም። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ቅጂ ሌላ ቤት ይቀመጥ።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ። ታላቅ እህቴ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ምሳ መብላቷን ትረሳለች፤ የልጅነቷን ግን እንደ ትናንት ታወራዋለች። የመርሳት ሕመም ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው የቅርቡ ነው። ፎቶ ይዛችሁ ወደ እንዲህ ዓይነት ሰው ስትቀርቡ «ይሄ ማነው? አስታወስሽው?» አትበሉ፤ ፈተና ይሆንባቸዋል። «እዚህ ምን እያደረጋችሁ ነበር?» በሏቸውና ዝም ብላችሁ ጠብቁ።

እኔም እንዲሁ ብዬ አንድ ፎቶ ሰጠኋት። እትዬ ወጣት ናት፤ አንዲት ሁለት ዓመት የማትሞላ ሕፃን ታቅፋለች። ጀርባው ላይ 1956 ይላል። ፎቶውን ይዛ ብዙ ቆየች። «ልጄ ናት» አለች። ኩፍኝ ነው የወሰዳት። እኔ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በቤታችን ስለዚህች ልጅ አንድም ቀን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። በሀገራችን የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ስንቱን የሰው ልጅ ኩፍኝ ስከትብ ኖሬ፣ የገዛ እህቴን ልጅ አላውቃትም ነበር።

የልጅ ልጄ ገጹን ሠርቶ ወዲያው ለቤተሰቡ ግሩፕ ሊለቀው ነበር። «ቆይ፣ የእኛ አይደለም» አልኩት። ሆስፒታል ውስጥም የሰው ምስጢር የሰውየው ነው። ሳምንት ሙሉ ስለፎቶው አላነሳሁባትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሷ «ያቺን ልጅ የት አደረግሻት?» አለችኝ። «የት ላድርጋት እትዬ?» «ከወንድሞቿ ጋር ነዋ። ስሟንም ጻፊላት።» ጻፍኩ። ስሟን እዚህ አላወጣውም።

ልጆቿ ሲያዩት ትንሹ ስልክ ደውሎ ተቆጣኝ፤ ሃምሳ ዓመት አልፎት እህት እንደነበረችው በፎቶ መስማቱ ከበደው። እውነቱን ነው። አስቀድሜ በቃል ልነግራቸው ይገባ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ መጥቶ እናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ገጹን ደጋግሞ አስከፈታት።

ይህን ሥራ ስትሠሩ ሰዓት ይረሳል፤ አንገትና ዐይን ግን አይረሱም። በየሃያ ደቂቃው ቀና ብላችሁ ሩቅ ሩቅ ተመልከቱ፣ ተነስታችሁም ተንጎራደዱ። እኔ ቡና እስኪፈላ አንድ ገጽ እሠራለሁ፣ ከዚያ እዘጋዋለሁ። እስካሁን አርባ ሦስት ገጽ ደርሻለሁ።

መለዮ ለባሹ አምስተኛው ገጽ ላይ ነው። «አባታችን ከአንድ ወዳጁ ጋር፣ ደሴ» ብዬ ጽፌ የስሙን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ። ለእትዬ ሁለት ጊዜ አሳየኋት፤ በሁለተኛው «ይሄማ ሳቂታው ነው» አለችና ሌላ ወሬ ጀመረች። እሱንም ጽፌዋለሁ።