ጨው ሁለቴ ይገባል

እናንተዬ፣ ስለ ጨው ሲወራ ጣታችን ቶሎ የሚቀሰረው ወደ ቺፕስና ወደ ታሸገ ምግብ ነው። ይሄ የፈረንጅ አገር ምክር ነው። እዚያ አብዛኛው ጨው የሚመጣው ከፋብሪካ ስለሆነ ምክሩ ልክ ነው። የእኛ ጨው ግን በብዛት የሚገባው በገዛ እጃችን ነው፤ ያውም ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ።

እስቲ እንቁጠረው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ሚጥሚጣውም እንዲሁ። ያው በርበሬ ወጥ ሆኖ ሲንተከተክ ደግሞ "ጨው አነሰው" ይባልና ይጨመርበታል። ጥብሱ ቀርቦ ሚጥሚጣ ይነሰነስበታል። በአንዳንድ አካባቢማ ቡናውም በጨው ነው! መለኪያው ዓይንና መዳፍ ነው፤ ማን ስንት ግራም እንደበላ የሚያውቅ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት የእኛ አማካይ 8.3 ግራም ገደማ ሆኖ ተገኝቷል።

ትርፉ ጨው ሥራ አይፈታም። ሶዲየሙ ውኃ ይይዛል፣ በደም ሥር የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይበዛል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ልብና ኩላሊት ይህን ጫና ከዓመት ዓመት ተሸክመው ይኖራሉ። ክፋቱ ደም ግፊት ብዙውን ጊዜ አያሳምም። "ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ ራሴንም አላመመኝ" የሚሉ እናቶችና አባቶች ሞልተውናል፤ ከዚያ አንድ ቀን ስትሮክ ይመጣል።

ታዲያ ለምን አንቀንስም? አሞሌ ገንዘብ ሆኖ በኖረበት አገር ጨው ማሳነስ ነውር ነዋ! ደግሞ ወጡ ጨው ሲያንሰው የምትወቀሰው ሠሪዋ ናት። ሲበዛ ግን "ትንሽ በዛ" ተብሎ በውኃ ይወርዳል። ሠሪዋ እጇ ወደ የት እንደሚያደላ መገመት አያቅትም። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ምክር ለእሷ ብቻ መሆኑ የማይዋጥልን ለዚህ ነው፤ ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ "ይሄ ነገር ጨው የለውም እንዴ?" የሚለው ባለቤት ይምጣና ይስማ።

ጨው ይቅር አላልንም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ በጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር ያዘዘው እንቅርትን ጨምሮ በአዮዲን እጥረት የሚመጡ ችግሮችን ለመከላከል ነው፤ እሱ ይቀጥል። የእኛ ጥያቄ በርበሬው ያለ ጨው ይፈጭ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል አንዴ ይጨመርበት ነው። እንዲያ ሲሆን አዮዲኑም በእሳት ብዙ አይባክንም። ምላስ እንደሆነ ይለምዳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የድሮው ወጥ ራሱ ይከብደዋል።

በርበሬ ያለ ጨው ይበላሻል የምትሉ እናቶች እንዳላችሁ እናውቃለን። ግድ የለም፣ ይግባበት። ዕቃው ላይ "ጨው አለው" ተብሎ ይጻፍና ወጡ ላይ ከመድገም በፊት ይቀመስ።