ጣት አንሸራታቾች ነን፤ ታዲያስ?

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ብዕሩን ስሎ ወጥቶብናል። ከስድስት ኪሎ ፒያሳ ወርደን፣ ሁለት ማኪያቶ ለአራት አዝዘን፣ ስልካችን ላይ ቁጥር ስናንሸራትት አይቶን ኖሮ «ጣት አንሸራታች ትውልድ» ሲል ሰይሞናል። ሠፈር ሲፈርስ እናንተ ትጫወታላችሁ ነው ክሱ። ስሙን ተቀብለናል። ክሱን ግን አንቀበልም።

ለመሆኑ ጨዋታው ምንድን ነው? አራት በአራት በሆነ ሣጥን ውስጥ ከ1 እስከ 15 የተጻፈባቸው ካሬዎች ተዘበራርቀው ይቀመጣሉ፤ አሥራ ስድስተኛዋ ቦታ ባዶ ናት። ካሬ ማንሳት የለም፤ ወደ ባዶዋ ቦታ መግፋት ብቻ። ቁጥሮቹ በተራቸው ሲሰለፉ አለቀ። በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ለተማሪ ኪስ ከዚህ የሚስማማ ነገር የለም።

ወንድማችን ለቼዝና ለገበጣ ምሕረት አድርጓል፤ ከረምቡላንም «የአባቶች ባህል» ብሎ አልፎታል። እኛ ጋ ሲደርስ ነው ሥራ ፈትነት የሆነው! ይህ ጨዋታ እኮ ከስልክ በፊት የነበረ ነው፤ ገና እ.ኤ.አ. በ1880 አሜሪካንና አውሮፓን አሳብዷል። ሳም ሎይድ የሚባል አራዳ (የእነሱ አገር አራዳ ማለታችን ነው) ፈጣሪው እኔ ነኝ ይል ነበር፤ ውሸቱን ነው። 14 እና 15 ብቻ ቦታ የተለዋወጡበትን ሣጥን ላስተካከለ 1000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎም ነበር። ብሩን የወሰደ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ከአሰላለፎቹ ግማሾቹ ምን ቢገፉ እንደማይስተካከሉ ጆንሰንና ስቶሪ የተባሉ የሒሳብ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1879 አስረድተው ጨርሰዋልና።

ደስታውንስ የት አየው? 1 እና 2 ያለ ጣጣ ይገባሉ። ጉዱ 3 እና 4 ላይ ነው። ጀማሪ 3ን ቦታው ላይ ያኖርና «እንዳትነኩብኝ» ይላል፤ 4 መግቢያ አጥቶ ከታች ይንከራተታል። መላው 3ን ከተመቸው ቦታ ገፍቶ ጥጉ ላይ፣ በ4 ቦታ፣ ማቆም ነው። 4 ከሥሩ ይሰለፋል። ባዶዋን አዙሮ 3 ቦታ ማምጣት፤ ከዚያ 3 ወደ ግራ፣ 4 ወደ ላይ፣ ሁለቱም ገቡ! የተስተካከለውን ማፍረስ ያስፈራል፤ ሲሳካ ግን ጠረጴዛ ያስመታል። አንዴ ማኪያቶ ደፍተናል።

አሁን ወደ ክሱ። አዎን፣ ተጫውተናል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲያፈርስ፣ ከመካከላችን አንዱ ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ ያደገ ነው። ቀኑን ሙሉ የቤተሰቡን ዕቃ ስንሸከም ዋልን። ማታ ባዶ ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብለን ይህንኑ ጨዋታ ተጫወትን፤ የሚወራ ነገር አልነበረማ። ወንድማችን ያን ለት የት ነበር? ቁም ሣጥኑ ከብዶን ነበር።

ሌሎች ደግሞ አሉ፤ «ምን አለበት፣ እንደ ጨዋታችሁ ነው፣ ቦታ መለዋወጥ ነው» የሚሉን። እነዚህ ይብሳሉ። ቤቱ ያፈስ እንደነበር፣ ሽንት ቤቱም የጋራ እንደነበር አንክድም። የጓደኛችን እናት፣ እኛም እማዬ የምንላቸው፣ ዛሬ ከተማው ዳር የራሳቸው መጸዳጃ ያለው ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ ተመስገን ይላሉ። ነገር ግን በጨዋታችን 3 ከቦታው የሚነሳው ሊመለስ ነው። ከሣጥኑ የሚወጣ ካሬም የለም። የእማዬ እድር ግን በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ ለአንድ ለቅሶ ሦስት ታክሲ ይይዛሉ፤ አንዳንዴም የሚደርሱት ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የአራዳ ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ ሲገፋም ተመልሶ አልመጣም፤ ለሠፈሩ የተረፈው «ፒያሳ» የሚል የጣልያን ስም ነው። ይህን ከጨዋታችን ጋር የሚያመሳስል ሰው አንድም ጊዜ ተጫውቶ አያውቅም።

ለማንኛውም ወንድማችን ሐሙስ ከክፍል በኋላ ይምጣ። ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ፣ እስካሁን ባልፈረሰችው ቡና ቤት፣ በር አጠገብ ነን። ማኪያቶው በእኛ ነው። ካመጣ አይቀር ግን ቀደም ይበል፤ የዶሮ ማነቂያው ልጅ የታክሲ ሰልፍ ስላለበት በ11 ሰዓት ይነሳል።