ፎር ዊል መኪና ለምን በገበሬ ትከሻ ይወጣል?

በበልግም ሆነ በክረምት ከወላይታ ሶዶ አስፋልት ወጣ ብሎ ወደ ገጠር ቀበሌ የሄደ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ነጭ ደብል ጋቢና ፒክ አፕ ቀይ ጭቃ ላይ ቆሟል። የኋላው አንድ ጎማ ጭቃ እየረጨ በባዶ ይሽከረከራል። ሌላው፣ ጠንካራ መሬት የረገጠው፣ ፍንክች አይልም። በሩ ላይ የመሥሪያ ቤት ስም ተጽፏል፤ ጋቢና ውስጥ ባለሙያዎች ተቀምጠዋል። ከኋላ ደግሞ ሥራቸውን ጥለው የመጡ ስድስት ሰባት ገበሬዎች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ገብተው ይገፋሉ። መኪናው ሲወጣ ሾፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ ያመሰግናል፤ ጉዞው ይቀጥላል። በሚቀጥለው ዝናብ ያው መኪና፣ ያው ጭቃ፣ ያው ገበሬ።

ይህ ነገር እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሯል። ዘነበ፣ መኪናው ተያዘ፣ ሕዝቡ ገፋ፣ አለቀ። ዝናቡ በእርግጥ የተፈጥሮ ነው። መኪናው ምን ተገጥሞለት እንደሚገዛና እንዴት እንደሚጠገን የሚወሰነው ግን ቢሮ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት መዞር እንዲችሉ በመካከላቸው ዲፈረንሻል ተቀመጠ። አስፋልት ላይ ይህ ግሩም ሥራ ነው። ጭቃ ላይ ግን መኪናውን ያስራል። ዲፈረንሻል ጉልበትን ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ያካፍላል፤ የሚካፈለውን መጠን የሚወስነው ግን መሬት ያልያዘው ጎማ ነው። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሆኖ ለመሽከርከር ትንሽ ጉልበት ብቻ ከበቃው፣ ጠንካራ መሬት ለረገጠው ጎማም የሚደርሰው ያችው ትንሽ ናት። ከዚያ በኋላ ነዳጅ መርገጥ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ዲፈረንሻል ሎክ ይህን ክፍፍል ሾፌሩ በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል። ሁለቱን ጎማዎች የሚያዞሩትን ዘንጎች አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል። ሁለቱም በእኩል ፍጥነት ይዞራሉ፤ መሬት የያዘው ጎማ መኪናውን ይዞ ይወጣል። በኤሌክትሪክ የሚቆለፍ አለ፣ በአየር ግፊት የሚቆለፍ አለ፣ በራሱ የሚቆለፍም አለ። አዲስ ግኝት አይደለም። ለግንባታ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልስ የሲኖ ትራክ ሾፌር ሥራውን አሳምሮ ያውቀዋል። ለድንጋይ ጭነት የተፈቀደ ዕቃ ለአምቡላንስ ሲሆን ቅንጦት የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

እዚህ ላይ የመጀመሪያው መልስ ይመጣል፦ «መኪናው እኮ ፎር ዊል ነው።» ፎር ዊል ማለት ግን የሞተሩ ጉልበት ለፊትና ለኋላ አክስል ይደርሳል ማለት ነው። በእያንዳንዱ አክስል ላይ ያለው ዲፈረንሻል ካልተቆለፈ፣ ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ አንድ ጎማ በባዶ ሲሽከረከሩ ባለ አራት ጎማው መኪና ባለበት ይቆማል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለዚህ ነው። በአዳዲሶቹ ሞዴሎች ላይ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን የሚይዝ ኤሌክትሮኒክ ዘዴ አለ፤ ይረዳል። ሥራውን የሚጀምረው ግን ጎማው መሽከርከር ከጀመረ በኋላ ነው። ቁልፉ አስቀድሞ ይያዛል።

ጉዳዩ የመኪና ወዳጆች ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርዱትን የኪንዶ ዲዳዬንና የኪንዶ ኮይሻን ቁልቁለቶች ያስብ። የጤና ባለሙያዎች እናቶችን ስለሚገድሉ «ሦስት መዘግየቶች» ያስተምራሉ፦ ወደ ሕክምና ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ጤና ተቋም ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። በመጀመሪያው ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዓመታት ቤት ለቤት ደክመዋል። እናቲቱ አምናቸው «እሄዳለሁ» ብላ ወሰነች እንበል። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ አደረሳት። አምቡላንሱም መጣ። ከዚያ ጭቃው ላይ ቆመ። የሚፈስ ደም አምቡላንሱን ገፍተው እስኪያወጡት አይጠብቅም። ይህ ሁለተኛው መዘግየት ነው፤ ከፊሉም በአክስሉ ውስጥ በጠፋ አንድ ዕቃ የሚመጣ ነው።

ሁለተኛው መልስ ጠንከር ያለ ነው፦ «መፍትሔው መንገድ መሥራት እንጂ መኪና ማስታጠቅ አይደለም።» እውነት ነው፤ መንገድን የሚተካ ነገር የለም። በ1960ዎቹ የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ዛሬም «ዋዱ» እያለ የሚጠራው፣ ከማዳበሪያና ከብድር ጋር የገጠር መንገድንም በሥራው ያካተተው ይህን ስለተረዳ ነው። በ2003 ዓ.ም የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ ዩራፕ፣ ዓላማውም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ማገናኘት ነበር። የመንገዱ ሥራ ዛሬም አላለቀም፤ ዝናቡ ግን አልጠበቀም። «መንገዱ እስኪሠራ» የሚለው መልስ ዛሬ ማታ ምጥ ለያዛት ሴት መልስ አይሆንም።

ደግሞም መንገድና መኪና ተቃራኒ አይደሉም። የገጠሩን የአፈር መንገድ ከሚያበላሹት አንዱ በባዶ የሚሽከረከር ጎማ ነው። ጎማው እየተሽከረከረ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፤ ውሃው መንገዱን ይበላዋል። የቀበሌው ነዋሪ በጉልበቱ የሠራውን መንገድ የመሥሪያ ቤቱ መኪና በአንድ ከሰዓት ያርሰዋል። ዲፈረንሻሉ ተቆልፎ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ የሚያልፍ መኪና መኪናውንም መንገዱንም ያተርፋል።

ሦስተኛው መልስ፦ «ሾፌሮች ይሰብሩታል።» ይህ በከፊል እውነት ነው። የተቆለፈ ዲፈረንሻል ጠንካራ መሬት ላይ ሲታጠፍ ጎማ ይፈጋል፣ ዘንጉን ያስጨንቃል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ልሂድ ይላል። በሚያዳልጥ ጎን ዘንበል ባለ መንገድ ላይ ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሊንሸራተቱና ኋላውን ወደ ገደል ሊስቡት ይችላሉ። ቁልቁለት ላይ ለፍሬን ምትክ አይሆንም። በሐምሌ 2016 በኪንዶ ዲዳዬ ሰው እንደገደለው፣ በዚያው ወር በጎረቤት ጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰዎችን እንደቀበረው ዓይነት የመሬት መንሸራተት ሲመጣም ምንም ቁልፍ አያቆመውም። ሾፌር ሊማረው የሚገባው ግን ብዙ አይደለም፦ ጭቃው ውስጥ ከመግባት በፊት ቆልፍ፤ ጎማ በፍጥነት እየተሽከረከረ አትቆልፍ፤ ቀስ ብለህ ቀጥ ብለህ እለፍ፤ ጠንካራ መሬት ስትደርስ ፍታ። ይህ የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው። ሾፌርን ሳያሠለጥኑ «ይሰብረዋል» ማለት የራስን ስንፍና በሾፌር ማሳበብ ነው።

እርግጥ ነው፣ ነገሩ በዘፈቀደ አይሠራም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሎኩን ለመግጠም የጎማዎቹ ዘንጎች ይመዘዛሉ፣ ዲፈረንሻሉ ይወርዳል፣ ኮሮናው ከቤቱ ተፈቶ በአዲሱ ቤት ላይ ይታሰራል። ከዚያ በኮሮናውና በፒኞኑ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። በብዙ የቶዮታ ፒክ አፖች ላይ ይህ ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁለት ፀጉር ውፍረት ያህል። በዓይን ግምት የሚገጥም መካኒክ ክፍተቱን ቢያጠብበው ይግላል፣ ቢያሰፋው ያንኳኳል፣ በጥቂት ወራት ጥርሱ ይረግፋል። የኩሽኔታዎቹ ጥብቀት ይስተካከላል፣ ጥርሶቹ የሚነካኩበት ቦታ በቀለም ይታያል፣ ትክክለኛው የዲፈረንሻል ዘይት ይሞላል፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላም ዘይቱ ይቀየራል። ዲፈረንሻሉን በብየዳ መዝጋት ግን መፍትሔ አይደለም። በብየዳ የተዘጋ አይፈታም፤ መኪናው አስፋልት ላይም ተቆልፎ ይኖራል።

ዋጋውስ? ከውጭ የሚመጣ ጥሩ የአየር ሎክ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል። በራሱ የሚቆለፈው ቀላል ዓይነት በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ በብር ሲሰላ ያስደነግጣል። ነገር ግን ያው ምንዛሪ አዲስ መኪና መግዛትን የባሰ አስወድዶታል። አንድ አዲስ ላንድ ክሩዘር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር በሚያስወጣበት ዘመን፣ ያለውን መኪና ለሚሄድበት መንገድ ማብቃት ቁጠባ እንጂ ብክነት አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ሌላ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ሎኩ ከፋብሪካ ተገጥሞ መጥቷል። ማብሪያው ዳሽቦርዱ ላይ አለ። ለዓመታት ያልተነካ የኤሌክትሪክ ሎክ ግን ጭቃና እርጥበት ገብቶበት ሞተሩ ይደርቃል፤ በተፈለገ ቀን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አይቆልፍም። ሕዝብ የከፈለበት ዕቃ ሳይሠራ ይሞታል፤ ሕዝቡም መኪናውን ይገፋል።

ሶዶ ከነሐሴ 2015 ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ናት። ስለ መኪና ግዥና ስምሪት የሚወስኑት ሰዎች ከዳሞታ ተራራ ሥር ተቀምጠዋል፤ ጭቃው ሩቅ አይደለም። ከእነሱ የሚጠበቀውም ሩቅ አይደለም።

▪️ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ፒክ አፖችና አምቡላንሶች ይፈተሹ። ሎክ ያላቸው ይጠገኑ፤ በወር አንድ ጊዜም ለስላሳ መሬት ላይ ይቆለፉ፣ ይፈቱ።

▪️ ሎክ ለሌላቸው ከአምቡላንስ ጀምሮ ይገጠም፤ ክፍተት መለኪያ ባለውና መለካት በሚያውቅ ጋራዥ። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ክፍሎችና የከተማዋ የቴክኒክ ተቋማት ከዚህ የተሻለ ምን የተግባር ትምህርት ያገኛሉ?

▪️ ከአስፋልት ውጭ ለሚሠራ መኪና በሚወጣ ጨረታ ላይ «የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ» የሚል መስመር ይግባ። የወንበር ልብስ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

▪️ መኪና በተያዘ ቁጥር ይመዝገብ፦ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው ገፋ።

የመጨረሻው ከሁሉ ቀላል ነው፤ ምናልባት ከሁሉ የሚፈራውም እሱ ነው። የነዳጁ ሊትር ይመዘገባል፣ ኪሎ ሜትሩ ይመዘገባል፣ የሾፌሩ አበል ይመዘገባል። የገበሬው ጉልበት ብቻ በየትኛውም ሰነድ ላይ የለም። በወላይታ መሬት ጠባብ ነው፤ የገበሬው ሀብት ጉልበቱና የዝናቡ ሰሞን ናቸው። መኪና የሚያዘውም በዚያው ሰሞን፣ የዘር ቀን በሚቆጠርበት ጊዜ ነው። ያለ ደረሰኝ የሚሰበሰብ ግብር ማለት ይህ ነው። የግብርና ባለሙያውን ይዞ የመጣው መኪና ገበሬውን ከእርሻው አስነስቶ ራሱን ካስገፋ፣ ማን ማንን ሊረዳ ነው የመጣው?